ለሁለተኛ ክፍል ትልልቅ ፊደል

ኮምፒውተር እችላለሁ ብዬ አፌን የከፈትኩባትን ቀን እስካሁን እረግማታለሁ። ስብሰባ ላይ ነበር። ቃለ ጉባኤው በእጅ ተጽፎ ማንም ሊያነበው ስላልቻለ ርዕሰ መምህሩ ሲነጫነጭ፣ እኔ ቀልጠፍ ብዬ አምጡት እተይበዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ መርሳ ዳር ባለው ትምህርት ቤታችን የሚጻፍ ነገር ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። የሌሎች መምህራን ፈተና፣ የየክፍሉ መልመጃ፣ የወላጅ ጥሪ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፣ ሁሉም። የራሴን ክፍል ሳስተምር ውዬ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ እሄዳለሁ። አልችልም እንዳልል ደግሞ እንደምችል የተናገርኩት ራሴ ነኝ።

ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ አሁንም ኳስ ኳስ ይሸታል። ያለው መስኮት አንድ ነው፣ እሱም በብረት የታጠረ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የመርሳ ፀሐይ አናቴ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ከውስጥ እጀታ የለውም። ንፋስ ገፍቶ ከዘጋው ከውጭ ሰው እስኪከፍት ድረስ እያንኳኩ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ድንጋይ አስደግፈዋለሁ። እጀታው ይሠራ ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ሁሉም እሺ ይላል፤ ያው እሺ ብሎ ይሄዳል።

ከበሩ የባሰው ግን ወረቀቱ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ሲያልቅ የሚጠየቀው እሱ ነው። የወረቀቱን ደስጣ ቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል፣ የሚሰጠኝም ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማንኛውም መልመጃ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ገጹ አያድግ ነገር፣ የሚያንሰው ፊደሉ ነው። ፊደሉን እያሳነስኩ፣ መስመሩን እያጠጋጋሁ፣ ጠርዙን እየበላሁ እንደምንም አስገባዋለሁ። ከፎቶኮፒ ሲወጣ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ተደፍና «ቢ» ትመስላለች፤ «ደ»ን «ጀ» የምታደርገው ከላይ ያለችው ሰረዝም ትጠፋለች። ልጆቹ ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር ሸጉጠው ያነባሉ። አንዳንዱ ልጅ ጭራሽ ይተወውና መስኮት መስኮት ያያል። ያኔ ልጁ ሰነፍ ይባላል። ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር፤ ለማን እንደምናገረው ግን አላውቅም ነበር።

ከባልደረቦቼ ሁሉ ስለ ፊደሉ ያነሱብኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የሁለተኛ ክፍል መምህር ናቸው፤ እኔንም በዚሁ ግቢ፣ በዚያው ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ውርጌሳ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ይመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም። አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ክፍል በር ላይ ቆመው ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥራዬ ጠያይቀው ሲጨርሱ «አንች ልጅ፣ ለእኔ ክፍል ፊደሉን ትንሽ ተለቅ አድርጊልኝ» አሉ። ተለቅ አደረግኩት። ትንሽ ቆይተው መጡና ትንሽ ደግሞ አሉ። ያንንም አደረግኩ። ሌላ ጊዜ መጥተው አሁንም ሲጨምሩብኝ ርዕሰ መምህሩ ወረቀት እንደማይሰጠኝ ነገርኳቸው። የሕፃን ዓይን ነው፣ ይታዘንለት ብለው ተለሳልሰው ሄዱ።

በዚያ ሰሞን ወልድያ ሥልጠና ተጠርቼ ነበር። ለጀማሪ አንባቢ የሚዘጋጅ ወረቀት ምን መምሰል አለበት የሚል ነበር። አሠልጣኙ ፊደሉ ተለቅ ይበል፣ መስመሩ ወፍራምና ቀጭን ሳይሆን አንድ ዓይነት ውፍረት ይኑረው፣ ቃልና ቃል ይራራቁ፣ ጌጥ አይብዛበት አለን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፣ ምሳችንን በላን፣ ወደየአንድ ገጻችን ተመለስን። እኔ ግን ነገሩ ከጋሼ ጥያቄ ጋር ስለገጠመልኝ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የተለያዩ የፊደል ዓይነቶች መርጬ፣ በየወረቀቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አትሜ ጠራኋቸው። የእረፍት ሰዓት ነበር። ብርሃን እንዲያገኙ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው።

መጀመሪያ የሰጠኋቸው የብራና ጽሕፈት የሚመስለውን ነው፤ ቁመቱ ወፍራም፣ ማያያዣው እንደ ክር የቀጠነ። አየት አደረጉና ይቺ ለሠርግ ካርድ ትሁን፣ ቀጭኗ ትጠፋለች አሉ። ሁለተኛው በጣም ወፍራም ነበር፤ እሱንም ሆዱ ተደፍኗል ብለው መለሱልኝ። ሦስተኛው ምንም ጌጥ የሌለው፣ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ፣ ተለቅ ብሎ የታተመ ነበር። «ውሻው በሩ ላይ ተኝቷል» ብለው አነበቡትና ፊታቸው በራ። ይቺ ናት አሉኝ። እኔም ከቻልኩ ወረቀት ልቆጥብ ብዬ ያንኑ የፊደል ዓይነት በለመድነው ትንሽ መጠን የታተመውን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አስጠጉትና ሳይደናቀፉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ አነበቡት።

«ውሻው በሩ ላይ ተኝቷል።»

ወረቀት ያቀያየርኩ መሰለኝ። በትከሻቸው በኩል አጎንብሼ አየሁ። የተጻፈው እናቴ ከገበያ ማንጎ ገዛች የሚል ነው። ዝም አልኩ። ጆሯቸው ግን ዝምታዬን ሰማ። ወረቀቱን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ምን ነበር የተጻፈው አሉኝ። ማንጎ ነው ጋሼ፣ ውሻ የለበትም አልኳቸው። በዚያው ቅጽበት ንፋሱ ድንጋዩን አሸንፎ በሩን ዘጋው።

ሁለታችንም ውስጥ ቀረን። ውጭ ልጆች ይጮኻሉ፤ ባንኳኳም የሚሰማኝ የለም። ተቀምጠን ነገሩኝ። ደሴ ሐኪም ቤት ታይተዋል። የዓይን ግፊት ነው ተብለዋል፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ይጠብቁ ተብለዋል። ሰው ሲመጣ በድምፁና በአረማመዱ ያውቃሉ፤ ሚኒባሱንም በረዳቱ ጥሪ ነው የሚለዩት። ትልቅ ፊደል በደህና ብርሃን ያነባሉ፣ ትንሹ ግን ግራጫ ነገር ነው። ለማንም አልተናገሩም።

«ዛሬ ብናገር ነገ ቤቴ ነኝ» አሉ። «ውርጌሳ ተቀምጨ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? እስከ ሰኔ ታገሽኝ። እነዚህን ልጆች ንባብ ላስይዝና፣ ኢንሻአላህ በእግሬ ልውጣ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። እሺ ማለትም ከበደኝ፤ የማያይ ሰው ክፍል ውስጥ እንዳለ እያወቅኩ ዝም ልል ነው። ዛሬ ብናገር ደግሞ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ክፍል ደርበው አንድ ዴስክ ላይ ያነባብሯቸዋል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ በሩን ከፈተችልን። ከክፍሉ ወጣሁ እንጂ ከነገሩ አልወጣሁም።

ልጆቹ እየተጎዱ እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ሰበብ ፈጥሬ ክፍላቸው ገባሁ። እኔ ልጅ ሆኜ የነበረው ልማዳቸው አሁንም አለ። ሲያነቡ መሀል ላይ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ ስህተቱን ያገኘ ልጅ ጠመኔውን ይረከባል፣ ሰሌዳው ላይም ይጽፋል። ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሆን ብለው ነው ጋሼ ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም እውነቱን ይናገራሉ። ሆን ብዬ ነው፣ ወይም የለም ተሳስቼ ነው። ከእኔ የሰማችሁትን ሳይሆን ከወረቀቱ ያያችሁትን ተናገሩ ይሉን ነበር። አሁን የተለወጠ ነገር አንድ ብቻ ነው። እጅ ማውጣት ቀርቶ ዴስክ ማንኳኳት ሆኗል። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸዋል፤ እኔ ግን ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ የወጣ እጅ አይታያቸውም። ደብተር በዓይናቸው አያርሙም፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ይሰማል፣ ስህተት የሰማ ያንኳኳል። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ክፍል የተሻለ ክፍል ነበር።

ስለዚህ ወረቀት ለመለመን ርዕሰ መምህሩ ጋ ሄድኩ። የጋሼን ነገር ስለማልናገር የወልድያውን ሥልጠና ተረተርኩለት፤ እኩል ውፍረት፣ የቃላት መራራቅ፣ የሕፃን ዓይን። ሲሰማኝ ቆይቶ ሙከራ የምትል ቃል ከአፉ ወጣች፣ ወዲያውም ወደዳት። ለአንዱ የሁለተኛ ክፍል፣ ለጋሼ ልጆች፣ ትልልቅ ፊደል፣ ለሌላው እንደ ድሮው፤ እንደ ሙከራ ይሁን አለኝ። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ሲያወጣ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ነገር ውስጥ እየገባሁ እንደሆነ አልታየኝም።

ሙከራ የተባለ ነገር ውጤት ይጠየቃል። ወሰነ ትምህርቱ ሲጋመስ የጋሼ ልጆች ወረቀቱን እንደ ወሬ ያወሩታል፣ የጎረቤቱ ክፍል ገና ይደናቀፋል። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰማቸውና በደስታ አበደ። ፊደሉ ብቻ አይደለም፣ የመምህሩ አያያዝ ነው ብዬ ብነግረው ትሕትና አበዛሽ አለኝ። በሳምንቱ ይዞኝ ወልድያ ወጣ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሜ ስለ ፊደል ዓይነት ተናገርኩ። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም፤ የተጀመረበትን ምክንያት ብቻ ዋጥኩት። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አንድ ረጋ ያለ ባለሙያ እጁን አወጣ። ልጆቹን ያሻሻለው ፊደሉ ይሁን መምህሩ አልለየንም፣ ስለዚህ ያው መምህር፣ ያው ክፍል፣ በትንሹ ፊደል ሲያስተምር መጥተን እንይ አለ። መምህሩ ቀድመው ያንብቡ፣ ልጆቹ ይከተሉ። ጥያቄው ልክ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ያንኑ ነበር። ምን ብዬ ልቃወም?

ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስንመለስ ርዕሰ መምህሩ ጎኔ ተጣብቆ ስለ ሞዴል ትምህርት ቤት ያወራል። የባጃጁ ሸራ ወርዶ ስለነበር አየር የለም። ልውረድ በእግሬ ልሂድ አልኩት፤ ሳቀብኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልደነገጡም። የዚያን ቀን ይታመሙ ብላቸው ታምሜ አላውቅም፣ በማያምር ሰዓት ብታመም ይጠረጥራሉ አሉ። የተረፈን ነገር አንድ ነበር። በትንሹ ፊደል የሚታተመውን ንባብ የምተይበው ያው እኔ ነኝ። ጽሑፉ ከወልድያ እንደደረሰኝ በምሳ ሰዓት እያነበብኩ አስጠናኋቸው። ስለጠፋች ፍየል ነው፤ ልጆች በማሽላው መሀል ፈለጓት፣ ጅረቱ ዳር አገኟት፣ መጨረሻው ፍየሏም ወደ ቤቷ ገባች ይላል። ጋሼ ቶሎ ያዙት። ዓይናቸውን መስመር በመስመር ማንቀሳቀስ፣ ገጹ መሀል ላይ ትንፋሽ መውሰድ ሁሉ ተለማመድን። እሳቸው እየሳቁ፣ እኔ እያላበኝ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን የትምህርት ቤቱ ፎቶኮፒ ቀለም አለቀ። ርዕሰ መምህሩ ያተምኩትን ይዞ ራሱ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሮጠ፣ አባዝቶም በቀጥታ ክፍል ገባ። እኔን ከኋላ፣ የልጆች አግዳሚ ላይ፣ በሁለት እንግዶች መሀል አስቀመጡኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ ተጋጭቶ አይነቃነቅም። ወረቀቱ በየእጃችን ተዳረሰ። እኔም አየሁት።

ፎቶኮፒው ላይ ወረቀቱ ሸርተት ብሏል። ሁሉም አለ፣ የመጨረሻዋ መስመር ግን የለችም። ፍየሏ ጅረቱ ዳር ቀርታለች።

ጋሼ ብርሃኑ ባለበት በር አጠገብ ቆመው ጀምረዋል። ሳልኩ። ይነቁ ብዬ ደግሜ ሳልኩ። አንዱ እንግዳ ውኃ አቀበለኝ። መነሳት አልችል፣ መናገር አልችል፣ እሳቸው ደግሞ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ባስጠናኋቸው ቦታ ሁሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ወደ መጨረሻው ይሄዳሉ። ልጆቹ በጣታቸው ይከተላሉ። ማሽላው አለፈ። ጅረቱ ደረሰ። «ፍየሏም ወደ ቤቷ ገባች» ብለው ወረቀቱን ዝቅ አደረጉ።

ፊት ያለችው አንዲት ልጅ ዴስኳን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እኔ ወረቀት ላይ ፍየሏ ቤት አልገባችም።»

ከዚህም ከዚያም እኔም ጋ አልገባችም የሚል ድምፅ መጣ፣ ክፍሉ በኳኳታ ተሞላ። እንግዶቹ ወረቀታቸውን አዩ። ያኔ ርዕሰ መምህሩ ሳያውቅ አዳነን፤ ጎንበስ ብሎ ይሄ የእሳቸው ዘዴ ነው፣ ልጆቹን ለመፈተን ሆን ብለው ይሳሳታሉ አላቸው። እንግዶቹ በአድናቆት ፈገግ አሉ። የያዝኩትን ትንፋሽ ለቀቅኩት። ልጅቱም እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ ሆን ብለው ነው አይደል ጋሼ? የሚጠበቅባቸው አዎ ማለት ብቻ ነበር። በልቤ አዎ በሉ፣ አዎ በሉ እላለሁ።

ጋሼ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ።

«አይደለም ልጄ» አሉ። «ሆን ብዬ አይደለም። እኔ ወረቀቱን አላየሁትም፣ ዓይኔ አያይም። በቃሌ ነው ያልኩት። ያየሽው አንች ነሽ፤ ልክ ነሽ።»

ከዚያ ጠመኔውን ዘረጉላት፣ ተነስታም ወሰደች። እኔ አልቅሻለሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰው ሳሉ ነው ብሎ ውኃውን ደግሞ አቀበለኝ።

በኋላ ለምን ብዬ ተቆጣኋቸው። ከነበርኩበት ጭንቀት የተነሳ በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ለአለቃ ይዋሻል» አሉኝ፣ «ያንንስ ስሠራው ከርሜያለሁ፤ ልጅቱን ግን ያየሽው ልክ አይደለም ብላት ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ታነባለች?» እንግዶቹ ክፉ ቃል አልተናገሩም። በአክብሮት ሸኟቸው፣ በሕመም ምክንያት እንዲያርፉ ተደረገ። ሰኔ ገና ነበር። ልጆቻቸው ከጎረቤቱ ክፍል ጋር ተደረቡ። ሙከራውም ለልጆቹ ሳይሆን ለመምህሩ የተደረገ ነው ተብሎ ተሰረዘ፤ ልጆቹ ያንን ትንሽ ፊደል ሳይቀር ከመምህራቸው በላይ ማንበባቸውን ያነሳ ሰው የለም። ርዕሰ መምህሩ ለጊዜው አኮረፈኝ፣ ከዚያ የሚተየብ ነገር በዛበትና ታረቀኝ። ዛሬም ለተደረበው ክፍል መልመጃውን አንድ ገጽ ላይ አስገባለሁ። እጀታው አልተሠራም።

የሽኝታቸው ዕለት በመምህራን ማረፊያ ሻይና ዳቦ ተዘጋጀ። የምስክር ወረቀት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ለክብር የሚሆነው ያ የብራና የሚመስለው ነው ስላለ በእሱ አትሜ በመስታወት አስገባሁት። ንግግሩ ሁሉ ሲያልቅ ጋሼ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና በየትኛው ፊደል ጻፍሽው አሉኝ። በሠርግ ካርዷ አልኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አንብቢልኝ አሉ።

አነበብኩላቸው። ለረጅም ዘመን ላበረከቱት አገልግሎት የሚል፣ ማንም ላይ ቢጻፍ የሚሆን ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዝም ብዬ ማቆም አቃተኝ። «ያስተማሯቸው ልጆችም ያዩትን ይናገራሉ» ብዬ ጨረስኩ።

ጋሼ መስታወቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ በጣታቸው ጠረጴዛውን አንኳኩ።

«መጨረሻዋ መስመር ወረቀቱ ላይ የለችም» አሉ። «ሆን ብለሽ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ከኮታቸው ኪስ ቁራጭ ጠመኔ አውጥተው እጄን ፈለጉና አስጨበጡኝ።